ባነሩ ላይ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጤና መልእክት ለምታዘጋጁ ሁሉ፦ በየግቢው ላላችሁ የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ የሥርዓተ ጾታ ክፍሎች፣ ክሊኒኮች፣ ፀረ ኤድስና የተዋልዶ ጤና ክበባት፣ እንዲሁም ባነርና በራሪ ወረቀት አሳትማችሁ ለምትልኩ ቢሮዎችና ድርጅቶች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ጅማ ውስጥ ፋርማሲ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የግቢ ልጆች ናቸው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢም ከቂቶ ግቢም ከግብርናው ግቢም ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ሆን ብለው የሚያውቃቸው ሰው የሌለበት ሰፈር ፋርማሲ ፈልገው፣ ለባጃጅ ከፍለው ነው የሚመጡት። እኔ ከነሱ ጋር በየቀኑ የማወራውና እናንተ ለነሱ የምትጽፉት ነገር አልገናኝልህ ስላለኝ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

የምለው አንድ ነገር ነው። መልእክቶቻችሁ ተማሪውን ያስጠነቅቁታል እንጂ አያናግሩትም። ተጠንቀቅ ይሉታል፣ ተቆጠብ ይሉታል፣ ዓላማህን አስብ ይሉታል። ነገሩ ከተፈጠረ በኋላ ግን የት እንደሚሄድ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ስንት ሰዓት እንደቀረው አይነግሩትም። እኔ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ነገሩ ከተፈጠረ በኋላ ነው።

ልጆቹ ሲገቡ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሌላው ሰው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ማስቲካ ወይ ፓራሲታሞል ይገዛሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺን የ72 ሰዓቷን» ይላሉ። «ለጓደኛዬ ነው» ይላሉ። «ተሳስተን ነው»፣ «ኮንዶሙ ተቀደደ»፣ «ፔሬዷ ቀረ» ይላሉ። አንዳንዷ ምንም ሳትል ስልኳ ላይ ጽፋ ታሳየኛለች። «ጥንቃቄ የጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት» የሚለውን ሐረግ ግን ከተማሪ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ሐረጉ የሪፖርት ቋንቋ ነው። «አጋላጭ ባህርያት»ም፣ «የአቻ ግፊት»ም እንደዚያው። ጽሑፉን የሚያጸድቀው ኃላፊ እንዳይከፋው፣ በመክፈቻው ቀን የሚመጣው እንግዳ እንዳያፍር ተብሎ ቃሉ ይለሳለሳል፣ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ በመጨረሻም የተጻፈው ለኃላፊው ይሆንና ተማሪው ከመሃል ይወጣል። በጀታችሁ ትንሽ እንደሆነ፣ ከላይም ከታችም እንደምትጠየቁ አውቃለሁ። ቢሆንም ባነሩን የሚያነበው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው መወሰን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

«ልቅ ወሲብ» የሚለውን ለምሳሌ ውሰዱት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት እንበል። ከፍሬሽነቷ ጀምሮ አንድ ጓደኛ አላት። ይዋደዳሉ፣ አብረው ያጠናሉ፣ ሲመረቁ ቤተሰብ ለማስተዋወቅ ያስባሉ። ይህች ልጅ «ከልቅ ወሲብ እንታቀብ» የሚል ባነር ሥር ስታልፍ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ነው የሚመስላት። እሷ ልቅ አይደለችማ። እሱም አይደለም። ስለዚህ መልእክቱ ሁለቱንም ሳይነካ ያልፋል። እርግዝናው ግን አያልፋቸውም፤ ከእሷ በፊት ሌላ የሴት ጓደኛ ከነበረችው ከዚያው ልጅ የሚመጣው ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር በሽታም አያልፋትም። ቃሉ ስድብ ሲሆን ሰው ሁሉ ራሱን ከውስጡ ያወጣል፣ የቀረው ደግሞ ያፍራል። የሚያፍር ሰው አይጠይቅም። ክሊኒክም አይሄድም።

በጣም የሚያንገበግበኝ የሰዓቱ ነገር ነው።

ድንገተኛው የወሊድ መከላከያ፣ ልጆቹ ፖስትፒል የሚሉት፣ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ነው። የሚሠራው የሴቷ እንቁላል እንዳይለቀቅ በማዘግየት ነው። ስለዚህ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። እስከ 72 ሰዓት ይሰጣል፣ ግን አንደኛው ቀን ከሦስተኛው ቀን በብዙ ይበልጣል። ጽንስ ከያዘ በኋላ አያስወርድም። መካን አያደርግም፤ ይህን የሚጠይቁኝ በጣም ብዙ ናቸው፣ ፈርተው ሳይወስዱት የሚቀሩም አሉ። ከተወሰደ በኋላ ለሚደረግ ግንኙነት አይከላከልም። በወሰደች በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት እንደገና መውሰድ አለባት። የወር አበባዋ ከሚመጣበት ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። ከኤችአይቪም ከአባላዘር በሽታም አይከላከልም። ይህ ሁሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከጥያቄያቸው እንደምረዳው ግን ይህን ግማሽ ገጽ አግኝቶ ያነበበ የለም። ባነሮቹ ላይ የሚያገኙት «በአፋጣኝ የሕክምና ተቋም ይሂዱ» የሚለውን ነው። በአፋጣኝ ማለት ለአንዷ ዛሬ ነው፣ ለሌላዋ ከሚድ ፈተና በኋላ። ሐሙስ መጥታ «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም መስሎኝ» ያለችኝ ልጅ አለች። እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉት ማንም ይገባዋል፦ ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት የሆነ ነገር፣ 72 ሰዓቱ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ያልቃል።

ሌላም 72 ሰዓት አለ። ኤችአይቪ ሊይዘኝ ይችላል ብሎ የሰጋ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጀምረው መከላከያ መድኃኒት አለ። እኛ ፔፕ እንለዋለን። ሲጀመር ለ28 ቀን በየቀኑ ይወሰዳል። እንደኔ ካለ ፋርማሲ አይገዛም፣ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ሁለቱ ይምታቱባቸዋል። ፖስትፒል የወሰደች ልጅ ከኤችአይቪም የዳነች ይመስላታል። ጓደኛዋም «ኪኒን ወስዳለች» ብሎ ይረጋጋል። በማግስቱ ተመርምሮ ነፃ ነህ ሲባል የሚደሰትም አለ። የተለመደው ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ለቫይረሱ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ከ3 ወር በኋላ ድገሙ የሚባለው ለዚህ ነው። «ተመርመሩ» ብቻ ብላችሁ ስትጽፉ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

«ኮንዶምን በአግባቡ መጠቀም»ም እንዲሁ ነው። አግባቡ ምንድን ነው? ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ማየት። በጥርስ አለመቅደድ። ጫፉን ጨብጦ አየሩን ማስወጣት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማድረግ፣ መሃል ላይ አይደለም። ሁለት አለመደረብ። ቫዝሊን ወይም ዘይት አለመቀባት፣ ኮንዶሙ የተሠራበትን ጎማ ያዳክመዋልና። ለወራት የኪስ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ የከረመውን መጣል። «ተቀደደብን» ከሚሉኝ ልጆች ጋር ትንሽ ሳወራ አብዛኛውን ጊዜ ቫዝሊን ይወጣል። ይህን የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ እንጂ ከባድ ትምህርት ሆኖ አይደለም።

አባላዘርን ባጭሩ ልለፈው። ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም። ሳይታከሙ ከቆዩ ግን የማህፀን ቱቦን ጎድተው መውለድን ሊከለክሉ ይችላሉ። ወንዶቹ ደግሞ ጓደኛ ያዘዘላቸውን አሞክሳሲሊን ይጠይቁኛል፤ ዛሬ ጨብጥን አሞክሳሲሊን አያድነውም። ሁለቱ ፍቅረኛሞች አብረው ካልታከሙ ደግሞ ይመላለስባቸዋል። «ምልክት ባይኖርም፣ ሁለታችሁም» የሚል አንድ መስመር ብዙ ይሠራል።

አሁን ወደ አማርኛችን ልምጣ። አማርኛ አንድን ሰው ሲያዝ ወይ ወንዱን ነው ወይ ሴቷን። ከአንቱታው በቀር መሸሻ የለውም። ስለዚህ ባነር ላይ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ሥራውን ለሁለቱ ያከፋፍላል። እስቲ በየግቢው የምታዩዋቸውን ልብ በሉ። «ኮንዶም ተጠቀም» የሚባለው እሱ ነው። «እምቢ በይ»፣ «ራስሽን ጠብቂ»፣ «አትታለይ»፣ «ዓላማሽን አትርሺ» የምትባለው እሷ ናት። እሱ ዕቃ ይሰጠዋል፣ እሷ ዘብ ትቆማለች። «ጠይቃት፣ ካልፈለገች ተው» የሚል ለወንድ የተጻፈ ባነር ጅማ ውስጥ አይቼ አላውቅም። «ኮንዶም ግዢ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ» የሚልም አላየሁም። ውጤቱን ፋርማሲ ውስጥ አየዋለሁ። ሴት ልጅ ኮንዶም ልትገዛ ስትመጣ የሠራችው ጥፋት ያለ ይመስል ትሸማቀቃለች። ፖስትፒል ግን እሷው ናት የምትመጣው፣ ብሩንም እሷው ናት የምታወጣው። እሱ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ይጠብቃታል፣ ወይም ጭራሽ አያውቅም።

መፍትሔው እዚያው ቋንቋው ውስጥ አለ። «እናንተ» በሉ። «ሁለታችሁ» በሉ። ለብቻዋ የሚነገር ነገር ካለ ለብቻዋ፣ ለብቻው የሚነገር ካለ ለብቻው ይጻፍ፣ የእሱም ድርሻ በግልጽ ይጻፍለት።

መደፈርን የሚመለከተው መልእክት ላይ ይህ ነገር ከሁሉም ይብሳል። «ሴት ተማሪዎች ከመደፈር ራሳቸውን ይጠብቁ» ተብሎ ሲጻፍ ደፋሪው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። የት ሄደ? በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 መድፈር ከባድ ወንጀል ነው፤ ይህን ለወንዶቹ ዶርም በር ላይ ጻፉት። ለእሷ ደግሞ የሚያስፈልጋትን ጻፉላት። ከሁሉ በፊት ሆስፒታል ሂጂ። ከቻልሽ ሳትታጠቢ፣ ልብስሽንም ሳታጥቢ። ፔፕም የእርግዝና መከላከያውም ሰዓት አላቸው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እርግዝና ቢከተልስ? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ እርግዝናን በሕክምና ተቋም ማቋረጥ አያስቀጣም። የእናትየዋ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲሆን፣ ጽንሱ ላይ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖር፣ እናትየዋ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ወይም ልጅ ለማሳደግ የማያበቃ የአካል ወይም የአእምሮ ችግር ያለባት ስትሆንም እንዲሁ። ለመደፈሩ ማስረጃ የሴቷ ቃል በቂ እንደሆነ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ይናገራል። ይህ ሕግ ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። ስንቷ ተማሪ ታውቀዋለች? «ያልተፈለገ እርግዝና ሕይወትን ያበላሻል» የሚለውን ግን ሁሉም ያውቁታል። እንዲህ ያነበበች ልጅ ሕይወቴ አለቀ ብላ ታስባለች፣ ከዚያ በድብቅ ወደሚሠራ ሰው ትሄዳለች፣ አደጋው የሚመጣው ያኔ ነው።

ስለ ኤችአይቪ የምትጽፉ ደግሞ ይህን አስቡልኝ። የጥንቱን ማስታወቂያዎች አልረሳናቸውም። የራስ ቅል ነበረባቸው፣ «ገዳዩ በሽታ» ይሉ ነበር። ያኔ መድኃኒት አልነበረም፣ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከል ነበር። ፍርሃቱ ከእውነተኛ ሐዘን የመጣ ነው፣ የጻፉትን ሰዎች አልወቅስም። ነገር ግን በሀገራችን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። በዚያ ዘመን ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ሕፃናት አድገው፣ ማትሪክ አልፈው፣ ዛሬ ግቢ ገብተዋል። ዶርም ውስጥ ከናንተ ክበብ አባላት ጋር ተደራርቦ በተሠራ አልጋ ይተኛሉ። ኪኒኑን ወደ ሌላ ብልቃጥ ገልብጠው «ቫይታሚን ነው» ይላሉ። ቁርስ ሊበሉ ካፌ ሲሄዱ ገዳይ የሚል ባነር ሥር ያልፋሉ። ምንም ያላጠፉ ልጆች ናቸው፤ ቢያጠፉስ እንኳ እንዲህ የሚባል ሰው መኖር አለበት ወይ?

ለነሱም ለሌላውም የሚጠቅመው እውነት ይህ ነው። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው የቆየ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ መመርመርን ብዙ አይፈራም። የሞት ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ግን ለምን ይመረመራል? «ኤችአይቪ ጠፍቷል» የሚሉኝም አሉ፣ እነሱም ተሳስተዋል። በሀገር ደረጃ በቫይረሱ የተያዘው አዋቂ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ከዚያ ከፍ ይላል። ሁለቱንም ሳታስፈራሩ መንገር ይቻላል።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጅማ ላይ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ተማሪው በምደባ ነው የሚመጣው። ከቦንጋ፣ ከጅግጅጋ፣ ከጋምቤላ፣ ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከባሌ። ከተማው አፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ አማርኛም ይናገራል። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ነው። ብዙ መልእክት በእንግሊዝኛ የሚመጣበት ምክንያት ይገባኛል። በሰው ቋንቋ ሲሆን አፍ አይይዝም። ልጆቹም «ሴክስ»፣ «ፔሬድ» ሲሉ ይቀላቸዋል፣ የእናት ቋንቋው ቃል ግን ከእናት ፊት የቆሙ ያህል ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ እነዚህን ቃላት አትጣሏቸው፣ ልጆቹ የሚሉትን በሉ። መመሪያው ግን በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን። በጭንቀት ሰዓት፣ ሌሊት፣ ዶርም ውስጥ፣ ማንም ሰው በእንግሊዝኛ አያስብም።

አፋን ኦሮሞውን ደግሞ ከአማርኛው ቃል በቃል አታስገልብጡት። ሦስት አራት አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ተማሪዎች ሰብስባችሁ «ይህን ለታናሽ እህታችሁ ብትነግሯት እንዴት ትሏት ነበር?» ብላችሁ ከመጀመሪያው እነሱ ይጻፉት። ሶማልኛውም ከፍኛውም እንደዚያው። ሁሉን ቋንቋ ባነር ላይ መጻፍ አይቻልም፤ በየቋንቋው ድምፅ ቀርጾ በቴሌግራም ግሩፖቻቸው መልቀቅ ግን ብዙ ብር አይጠይቅም።

ይህ ለጅማ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቋቋም ጀምሮ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው። የጤና ተማሪዎች ወደ አጋሮ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሸቤ ወጥተው ከሰው ቤት ይገባሉ፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይጠይቃሉ፣ ያደምጣሉ። እናትን ስለ ክትባት ሲያነጋግሩ የሪፖርት ቃል አይጠቀሙም፣ እንዳይጠቀሙም ተምረዋል። ያው ጥበብ በዶርም በር ቢገባ ነው የምለው።

ስለ ሃይማኖት አንድ ነገር ልበል። ጅማ የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም ከተማ ናት። ግቢ ከሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ ከጋብቻ በፊት አንነካም ብለው ወስነው የመጡ ናቸው፣ ያንን ውሳኔ የሚያቃልል መልእክት እኔም አልፈልግም። ግን «ታቀቡ» ብቻ ማለት እነሱንም አይረዳም። ከክፍለ ሀገር የመጣች ፍሬሽ፣ መናኸሪያ ሻንጣዋን ያገዛት ሲኒየር እሁድ በርጫ ቤት ሲጠራት፣ አልሄድም ስትል «ፋራ» ስትባል፣ ምን ትበል? ወንዱስ ዶርም ውስጥ «አንተ ገና ነህ» እየተባለ ሲዘበትበት? ቃል አስይዟቸው። «አልፈልግም» ማለት በቂ እንደሆነ፣ ምክንያት መስጠት እንደማይጠበቅባት ንገሯት። ጓደኛውን በዚህ ጉዳይ «ፋራ» የሚል ልጅ እየገፋው እንደሆነም ንገሩት። ስብከቱን ለአባቶችና ለሼኮች ተዉላቸው፣ እነሱ በሥልጣናቸው ያደርጉታል። የእናንተ ሥራ ጤና ነው፤ የወሰነውም ያልወሰነውም፣ ትናንት ወስኖ ዛሬ የተሳሳተውም በአንድ በር ነው የሚገባው።

ዝም ብዬ ከምወቅስ እኔ ብጽፈው እንዴት እንደምጽፈው ላሳያችሁ፦

«ኮንዶም ተቀደደባችሁ? ወይስ ሳታደርጉ ቀራችሁ? ገና ጊዜ አላችሁ፣ ግን ዛሬ ተንቀሳቀሱ። እርግዝና የምትሰጉ ከሆነ ፋርማሲ ሂዱና "ፖስትፒል" በሉ። ማንኛችሁም መግዛት ትችላላችሁ። ኤችአይቪ የምትሰጉ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱና "ፔፕ" በሉ። የሁለቱም የመጨረሻ ሰዓት 72 ነው፤ ቅዳሜ ማታ ከሆነ እስከ ማክሰኞ ማታ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሌላ ጥያቄ ካላችሁ የግቢው ክሊኒክ እዚህ ሕንፃ፣ እዚህ ቁጥር ክፍል ነው፤ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፤ ይህን ያህል ይከፈላል ወይም በነፃ ነው። የምትናገሩት ለፕሮክተርም ለቤተሰብም አይደርስም።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር የምትጽፉት ግን እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ሌላ ተማሪ ቆሞ የሚሰማ ከሆነ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ የመጣችበት ምክንያት ጮክ ተብሎ የሚጠየቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ቃል ገብታችሁ አንዷ ከተጋለጠች ወሬው በአንድ ማታ ዶርሙን ሁሉ ያዳርሳል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብትጽፉ የሚያምናችሁ አይኖርም። የሥራ ሰዓቱም እንደዚሁ። ችግሩ የሚፈጠረው ቅዳሜና እሑድ ነው። ክሊኒኩ ሰኞ ጠዋት የሚከፈት ከሆነ እሑድ የሚሠራ የትኛው እንደሆነ ባነሩ ይናገር።

ሌላው የምለምናችሁ፣ ከማሳተማችሁ በፊት ጽሑፉን ለፍሬሽ ተማሪዎች አስነብቡት። ለክበብ አባል ሳይሆን፣ ለማንም ተራ ልጅ። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀበሉትና «አሁን ይህ ነገር ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ቦታውንና ሰዓቱን ከነገራችሁ አሳትሙት። «ራሴን እጠብቃለሁ» ካላችሁ መልሳችሁ ጻፉት።

ኅዳር 22፣ የዓለም የኤድስ ቀን፣ ባነር የሚበዛበት ጊዜ ነው። ፍሬሾች የሚገቡበትም ወቅት ከዚያ ብዙ አይርቅም። የዘንድሮው ጽሑፍ ገና ማተሚያ ቤት ካልገባ ይዛችሁት ኑ። ለሚመለከታችሁ ጽሕፈት ቤቶች ባደረስኩት ቅጂ ላይ ስሜንና አድራሻዬን ጽፌአለሁ። ከምሳ በኋላ ፋርማሲው ውስጥ ሰው ይቀንሳል፣ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን። ክፍያ አልፈልግም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ፋርማሲ ባለሙያ